የበጋ እንግዶች በጨለለቃ ዳር

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በአገራችን ከዘመድ ቤት ጠፍቶ ከርሞ ድንገት ብቅ ያለ ሰው «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንድ ጊዜ ሆንክ» ይባላል። አነጋገሩ ቅያሜም ናፍቆትም አለበት። ይሁን እንጂ በዚህ ስም ከምንጠራቸው ወፎች ብዙዎቹ ከየትም የሚመጡ አይደሉም፤ ዓመቱን ሙሉ ከእኛው ጋር ናቸው። በደረቁ ወራት ተባዕቱ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ላባ ለብሶ፣ ከእንስቷ ሳይለይ ይከርማል። ዝናቡ ጠንቶ የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ግን ቀይ ወይም ቢጫ ካባ ደርቦ ይታያል። የሚጠፋውና የሚመለሰው ልብሱ እንጂ ወፉ አይደለም። በአንጻሩ በእውነት ሄደው የሚመጡ፣ አህጉር አቋርጠው በቀጠሮ የሚደርሱ እንግዶች አሉን፤ እነርሱን ግን በምሳሌም በጨዋታም እምብዛም አናነሣቸውም። የዛሬው ንግግሬ ስለ እነዚህ ነው።

ለመሐንዲሶች ጉባኤ ስለ ወፍ መናገር ከርእስ መውጣት የሚመስለው ይኖር ይሆናል። ሐሳቤ ግን ሁለት ነው። አንደኛው ቀላል ነው፤ ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቁ፣ ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ፣ ሕፃንም ሽማግሌም ይዘው ሊሄዱበት የሚችሉትን የግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ለባልደረቦቼ ለማመልከት እወዳለሁ። ሁለተኛው ከሙያችን ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህ እንግዶች የሚያድሩበት ጥልቀት የሌለው ውኃና የሚያርፉበት ምሰሶ፣ ሁለቱም ዕድላቸው የሚወሰነው በእኛ የሥዕል ጠረጴዛ ላይ ነው። በካርታ ላይ ባዶ መስሎ የሚታየን ቦታ በእውነት ባዶ አለመሆኑን የሚያስተምር፣ ዋጋውም ከዚህ የቀለለ ትምህርት ቤት አላየሁም።

እንግዶቹ እነማን ናቸው?

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ክረምት ሲባል እኛ የምናስበው ዝናቡን፣ ጭቃውንና ጉሙን ነው። በሰሜን አውሮፓና በሰሜን እስያ ግን ክረምት ማለት በረዶና ጨለማ ነው፤ ሐይቁ ረግቶ ድንጋይ ይሆናል፣ ቀኑ ያጥራል፣ ነፍሳት ይጠፋሉ። ወፉ የሚሸሸው ብርዱን ብቻ አይደለም፤ ላባ ለብርድ የሚሆን መልካም ልብስ ነውና። ይልቁንም የሚያሰድደው ረኃቡ ነው። ውኃው በበረዶ ሲከደን ለውኃ ወፍ ማዕዱ ተነሣ ማለት ነው። በዚያው ጊዜ በእኛ አገር ዝናቡ አባርቷል፣ ረግረጉ ሞልቷል፣ ጤፉና ስንዴው እየታጨደ ነው፣ የወደቀው እህልም በገለባው መካከል ተበትኖ ይገኛል። እንግዲህ የጉዞው ምሥጢር የእነርሱ ክረምት የእኛ በጋ መሆኑ ነው።

የመንገደኞቹ ብዛት የሚያስደንቅ ነው። በያመቱ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ የሚሻገሩት ትናንሽ ወፎች ብቻ ወደ 2 ቢሊዮን እንደሚደርሱ ባለሙያዎች ገምተዋል። በኢትዮጵያ ከታዩት ከ850 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች ውስጥ 200 ገደማ የሚሆኑት ከሰሜን የሚመጡ መንገደኞች ናቸው። ከእነዚህም አንዷ በከብት እግር መካከል ጭራዋን እየወዘወዘች ዝንብ የምትለቅመው ሆደ ቢጫ ወፍ ናት። ክብደቷ ወደ 20 ግራም ነው፤ ሆኖም ሜዲትራኒያንን ባሕርና ሰሐራን አቋርጣ ትደርሳለች።

ትናንሾቹ ክንፋቸውን እያርገበገቡ በቀጥታ ሲሻገሩ፣ ንሥርና ሽመላን የመሳሰሉት ክንፈ ሰፊዎች ግን ሌላ ዘዴ አላቸው። ፀሐይ ካሞቀችው ምድር ሽቅብ የሚወጣውን አየር እንደ አሳንሰር ይጠቀሙበታል፤ በእርሱ እየተሽከረከሩ ከፍ ይላሉ፣ ከዚያም ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ ወደ ፊት ይንሸራተታሉ። እንዲህ ያለው አየር በባሕር ላይ በበቂ ስለማይገኝ ውኃው ወደሚጠብበት ይሰበሰባሉ። ከእነዚህ መሻገሪያዎች አንዱ በየመንና በጅቡቲ መካከል ያለው፣ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በመሻገሪያው ወራት በጅቡቲ በኩል ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ወደ 250,000 የሚጠጉ አዳኝ ወፎችን መዝግበዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ70,000 በላይ የሆኑት ከመካከለኛው እስያና ከሩሲያ ሜዳዎች የሚመጡት የእስቴፕ ንሥሮች ነበሩ። ብዙዎቹ ከዚያ ቀጥለው የሚያርፉት በእኛ ምድር ነው።

የጉዞው ሁኔታ

ለቤተሰብ የማመለክተው ቦታ ጨለለቃ ነው። ጨለለቃ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በቢሾፍቱ ከተማ ዳር ይገኛል። ቢሾፍቱ የምትታወቀው በእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ውስጥ በተኙት ሐይቆቿ ነው፤ ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ ገደላቸው ቁልቁል፣ ውኃቸውም ጥልቅ ነው። ጨለለቃ ግን እንደ እነርሱ አይደለም። ዝናብ ሲሆን የሚሰፋ፣ በጋው ሲገፋ የሚሸሽ፣ ዳርቻው ከግጦሽ ሜዳ ጋር የተቀላቀለ፣ እንደ ገበታ የተዘረጋ ውኃ ነው። ሰው ለሽርሽር ወደ ጥልቆቹ ሐይቆች ይሄዳል፤ እግረ ረጅሙ ወፍ ግን ጥልቀት የሌለውን ይመርጣል። ቆሞ የሚለቅምበትን፣ ቆሞም የሚያድርበትን ይፈልጋልና።

መልካሙ ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። በቀኑ ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰዓቶች አሉ፤ አንዱ ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ መንጋው ካደረበት ውኃ ወደ ማሳ ሲነሣ፤ ሌላው ከቀኑ 11 ሰዓት ወዲህ፣ ጠግቦ ለማደር ሲመለስ ነው። ጧት የማይሆንላቸው ሕፃናት ያሉት ቤተሰብ የማታውን ቢመርጥ አይከፋም። በእግር የሚሄዱበት መንገድ ደርሶ መልስ ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ምድሩ ደልዳላ ስለሆነ የአምስት ዓመት ልጅም አያቱም አይቸገሩበትም። የጧቱ ውርጭ ስለሚበረታ ለልጆች ሹራብ፣ ለአያት ጋቢ መያዝ ያስፈልጋል። ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦና ቆሎ ከተያዘ ስንቁ ሙሉ ነው። ባይኖኩላር የሚባለው የሩቅ መነጽር ያለው ይያዝ፤ የሌለው ግን አይቅር፤ ትልልቆቹ ወፎች ለባዶ ዓይንም ይታያሉ።

ሥርዓቱ ጥቂት ነው። ሜዳው የሰው መተዳደሪያ ስለሆነ ለገበሬውና ለእረኛው ሰላምታ ሰጥቶ ማለፍ፣ ማሳ አለመርገጥ፣ ወደ መንጋው ከ200 ሜትር በላይ አለመጠጋት ተገቢ ነው። ወፉ አንገቱን ቀና አድርጎ መብላቱን ካቆመ ሰውየው አልፎ መጥቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። ማለዳ በከንቱ ያስነሡት መንጋ ለጉዞ ያከማቸውን ስብ በከንቱ ያቃጥላል።

ልጆች የሚሰለቹት ሥራ ሲያጡ ነው። ስለዚህ ቆጠራ ይሰጣቸው። ዘዴው እኛ በየሥራ ቦታው የምናውቀው የናሙና ዘዴ ነው፤ በመጀመሪያ አሥር ወፎች በትክክል ይቆጠራሉ፣ የእነርሱ ስፋት በዓይን ይያዛል፣ ከዚያ በኋላ መንጋው ስንት እንዲህ ያለ ክፍል እንደሚይዝ ይገመታል። ሁለት ልጆች ለየብቻቸው ቆጥረው ውጤታቸውን ቢያስተያዩ የስሕተትን መጠን ያለ አስተማሪ ይማራሉ።

ከዚህ ጉዞ የሚገኘው ትምህርት ከወፉ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት በጥር ወር ከባለቤቴና ከልጆቻችን ጋር በዚያ ስናልፍ አንድ አረጋዊ ገበሬ በአውድማቸው አጠገብ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ትንሿ ልጃችን፣ «አባባ፣ እነዚህ ወፎች የእርስዎ ናቸው?» ስትል ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም ስቀው፣ «የእኔስ በሬዎቹ ናቸው፣ ልጄ። እነዚህ የሰው አገር ናቸው። ሽምብራዬን ይለቅሙብኛል፤ ባይመጡ ደግሞ ዓመቱ ይጎድልብኛል» አሏት። በዚህ መልስ ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ። የእንግዳው ወጪ የሚወድቀው በከተማው ተመልካች ላይ ሳይሆን በገበሬው ላይ ነው። ስለ ወፍ ጥበቃ የሚናገር ሁሉ ይህን አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል።

ስሙን ያዋሰን ወፍ

በጨለለቃ ዳር ብዙ ዓይነት ወፍ ይታያል፤ ምንቃሩ እንደ ማንኪያ የሰፋው ዳክዬ፣ ጭራው የሾለው ዳክዬ፣ በጭቃው ላይ የሚሯሯጡት ትናንሽ እግረ ቀጫጭኖች፣ በሽቦ ላይ የተሰለፉት ጭራቸው እንደ መቀስ የተሰነጠቀ ወፎች ሁሉ አሉ። ከሁሉም ይልቅ ግን የጉዞው ጌታ ክሬን የተባለው ወፍ ነው።

በግንባታ ቦታ ዕቃ የሚያነሣውን ረጅም መሣሪያ ሁላችንም ክሬን እንለዋለን። ስሙን የወሰድነው ከእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዞችም መሣሪያውን እንዲህ ያሉት አንገቱን ዘርግቶ በሚቆመው በዚህ ወፍ አምሳል ነው። የዕለት መሣሪያችንን ስም ያዋሰን ወፍ በደጃችን ከርሞ ሲሄድ ከመካከላችን ስንቱ እንዳየው አላውቅም። ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ክንፉ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ያልፋል፤ ክብደቱ ወደ 5 ኪሎ ግራም ነው። ሰውነቱ ግራጫ፣ አንገቱ ጥቁርና ነጭ ሲሆን በአናቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው። ድምፁ እንደ መለከት ነው፤ የንፋስ ቧንቧው ረዝሞ በደረት አጥንቱ ውስጥ ስለሚጠመዘዝ ሳይታይ ከሩቅ ይሰማል። ልጆች መጀመሪያ የሚያገኙት በጆሯቸው ነው።

የሚመጣውም ከፊንላንድ፣ ከኢስቶኒያና ከሩሲያ ረግረጎች ነው፤ ይህም በእግራቸው ላይ በታሰረ ቀለበትና በጀርባቸው በተሸከሙት የሳተላይት ማሠራጫ ተረጋግጧል። ርቀቱን ትልቁ ልጅ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ሄልሲንኪ በ60 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ፣ ቢሾፍቱ በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው፤ ልዩነቱ 51 ዲግሪ ነው፤ አንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ስለሆነ መንገዱ ከ5,600 ኪሎ ሜትር አያንስም። ነዳጁ በሰውነቱ የተከማቸ ስብ ብቻ ነው።

ይህን ወጪ የሚያቃልልበት አንዱ መንገድ የሰልፉ ቅርጽ ነው። መንጋው ሲበር በሰማይ ላይ የቀስት ጫፍ የመሰለ ሰልፍ ይሠራል። ከፊተኛው ወፍ ክንፍ ጫፍ የሚጠመዘዝ አየር ስለሚነሣ ከጫፉ ውጪ ባለው በኩል አየሩ ሽቅብ ይገፋል፤ ተከታዩም በዚያው ቦታ ሆኖ ድጋፉን ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2014 በኔቸር መጽሔት የታተመ ጥናት 14 ወጣት ራሰ በራ አይቢስ የተባሉ ወፎች ላይ ትንንሽ መመዝገቢያዎች በማሰር እንዳረጋገጠው፣ ተከታዩ ወፍ ቦታውን ብቻ ሳይሆን የክንፉን ምትም ከፊተኛው ምት ጋር ያስማማል። የአየር ዋሻና የሒሳብ ቀመር ሳይኖር የተገኘ ስሌት ነው።

ስለዚሁ አይቢስ ሳልናገር ባልፍ ግን ታሪኩን አጓድላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 በሶርያ በፓልሚራ አቅራቢያ የዚህ ዘር 7 ወፎች ብቻ በሕይወት ተገኙ። ከዚያ ቀደም በዚያ አገር ፈጽሞ የጠፋ ይመስል ነበር። የት እንደሚከርሙ ማንም ስላላወቀ እ.ኤ.አ. በ2006 በሦስቱ ላይ ማሠራጫ ታሰረ፤ ምልክቱም በየመን አልፎ ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ባለው የደጋ እርሻ ላይ አረፈ። በዚያን ጊዜ የአንድ ዘር የምሥራቅ ቅሬታ በሙሉ በእኛ ገበሬዎች ማሳ መካከል ይለቅም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ያ መንጋ የለም። የጠፋው በአንድ ምክንያት ወይም በአንድ አገር ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ቁጥሩ በአንድ እጅ ጣት ከሚቆጠርበት ደረጃ ሲደርስ፣ በመንገዱ ላይ ያለ አንድ ጠመንጃ ወይም አንድ ምሰሶ የአንድን ዘር ዕድል ሊቆርጥ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ምሰሶውና ሽቦው

ምሰሶ ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። በአንድ ሽቦ ላይ የተቀመጠች ወፍ ምንም እንደማትሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ በሁለቱ እግሮቿ መካከል የቮልቴጅ ልዩነት የለምና። አደጋው የሚመጣው ትልቁ ወፍ በአግዳሚው ብረት ላይ ሆኖ ክንፉን ሲዘረጋ ነው። በማከፋፈያ መስመሮቻችን፣ ማለትም በ15ና በ33 ኪሎ ቮልት፣ በሁለት ሽቦዎች ወይም በሽቦውና በመሬት በተያያዘው ብረት መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ንሥር ክንፍ ስፋት ያንሳል። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ደግሞ ለንሥር ከምሰሶ የተሻለ ማረፊያ የለም። ስለዚህ እርሱ የሚመርጠው እኛ የምንተክለውን ነው።

የዚህን መዘዝ በጎረቤታችን በሱዳን እናገኘዋለን። በፖርት ሱዳን አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ 31 ኪሎ ሜትር የሚሆን አንድ መስመር ተዘረጋ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በምሰሶዎቹ ሥር ብዙ የሞቱ ነጭ ጥንብ አንሣዎች ተገኙ። ይህ ወፍ ከባልካንና ከቱርክ ተነሥቶ የሚመጣ፣ ከፊሉም በእኛ አፋር የሚከርም መንገደኛ ነው። መስመሩ በቆየባቸው ዓመታት የገደላቸው በመቶዎች፣ ምናልባትም በሺህዎች እንደሚቆጠሩ ተገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኃይሉ ተቋርጦ ሽፋን ባለው መስመር ተተካ። እንግዲህ መሐንዲሶቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ምሰሶው ለዓላማው የሚሆን፣ ርካሽና ጠንካራ ነበር። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፤ በዚህ መንገድ ማን ያልፋል? የሚለው።

መድኃኒቱ የታወቀና ከባድም ያልሆነ ነው። ኢንሱሌተሩ ከአግዳሚው በላይ ከሚቆም በታች ቢንጠለጠል፣ በትራንስፎርመርና በመገንጠያ ቦታ ያሉት አጫጭር ማያያዣ ሽቦዎች ሽፋን ቢለብሱ፣ በሽቦዎች መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ቢሰፋ ትልቁ አደጋ ይቀራል። በከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። በዚያ ሽቦዎቹ ስለሚራራቁ ወፉ የሚሞተው በመጋጨት ነው፤ በተለይም ከሁሉ በላይ የሚዘረጋው ቀጭኑ የመብረቅ መከላከያ ሽቦ በውርጭ ጭጋግና በምሽት አይታይም። ክሬን ከማሳ ወደ ማደሪያው የሚመለሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው። በዚህ ሽቦ ላይ በየተወሰነ ርቀት የሚጠመጠም ምልክት ማድረግ በብዙ አገር የተለመደ ሥራ ሆኗል። ይህ ሁሉ ለወፉ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። ንሥር ሁለት ሽቦ ባገናኘ ቁጥር መቁረጫው ይወድቃል፣ መንደሩ ይጨልማል፣ የጥገና መኪና ይወጣል። መስመሩን ለወፍ ደኅና ማድረግ ለደንበኛም ደኅና ማድረግ ነው።

ጥልቀት የሌለው ውኃ

አሁን ወደ ውኃው ልመለስ። በሙያችን ቋንቋ ጥልቀት የሌለውን ውኃ በክብር የምንጠራበት ቃል የለንም። ረግረግ እንለዋለን፤ ከዚያም ልናደርቀው፣ ልንሞላው ወይም ልናልፍበት እናስባለን። በበጋ መጨረሻ ለጥናት የሄደ መሐንዲስ የተሰነጠቀ ጭቃ አይቶ «ምንም የሌለበት ሜዳ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሰነዱ ስሕተት የለበትም፤ ወቅቱ ግን የተሳሳተ ነው። በኅዳር ሄዶ ቢሆን ኖሮ በዚያው ነጥብ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ግድ ይሆንበት ነበር።

የዚህ ዓይነት ውኃ ባሕርይ በአንድ ቀላል ስሌት ይገለጣል። ዳርቻው በየ500 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ቢሆን፣ ውኃው 10 ሴንቲ ሜትር ሲቀንስ ዳርቻው 50 ሜትር ይሸሻል። በጥልቅ ሐይቅ የማይታወቅ ለውጥ በዚህ ዓይነቱ ውኃ ላይ የመንጋውን ማደሪያ በሙሉ ያጠፋል። ከላይ የሚቆፈር አንድ ቦይ ወይም የሚተከል አንድ ፓምፕ እንዴት ያለ ውጤት እንደሚያመጣ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ምሳሌ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአቢጃታ ሐይቅ መውጫ የሌለው፣ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ሐይቅ ነው። ውኃውን የሚያገኘው ከዝናብ፣ ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖም በሆራ ቀሎ በኩል ነው። ከላይ ለመስኖ፣ ከሐይቁም ራሱ ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውኃ ሲወሰድ ሐይቁ እጅግ ሸሸ፤ ጨዋማነቱ ሲጨምርም ዓሣው ጠፋ። በአጠገቡ በሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ይራቡ የነበሩት ፔሊካኖች ምግባቸውን የሚያመጡት ከአቢጃታ ነበርና ማዕዳቸው ታጠፈ። በመጨረሻ ያለው ሐይቅ የላዩን ሁሉ ሒሳብ ይከፍላል።

በምሥራቅ ሐረርጌ ያለው የሐረማያ ሐይቅ ደግሞ ይበልጥ የሚያሳስብ ነው። ይህ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ምንጭ ነበር። ለከተማና ለመስኖ ሲቀዳ፣ ከተራቆተው ተዳፋት ደለል ሲገባበት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውኃ ተመልሶበታል፤ ይህም ተስፋ የሚሰጥ ነው። ነገር ግን የሐይቁ መድረቅ የወፍ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ወፉ ማረፊያ ባጣበት ጊዜ ከተማውም የሚጠጣው አጥቷል። ወፎች ሲጎድሉ ያየ ሰው የቧንቧውን መጉደል አስቀድሞ አይቷል ማለት ይቻላል።

ስለ ሙያችን ክፉውን ብቻ ብናገር ግን ፍርድ አጓድላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብ ለኤሌክትሪክ ኃይል የተሠራ ነው፤ ለአዲስ አበባ ውኃ የሚሰጠው የገፈርሳ ግድብም ለወፍ ታስቦ አልተገደበም። ዛሬ ግን ሁለቱም የውኃ ወፍ የሚታይባቸው ቦታዎች ናቸው። ሳናስበው ማረፊያ ከሠራን፣ አስበን ብንሠራማ ምን ልናደርግ እንደምንችል እናንተው ገምቱ።

ጨለለቃም የመቆየቱ ጉዳይ በዚሁ ሚዛን ላይ ነው። ቢሾፍቱ እያደገች ነው፤ ቤቱም መንገዱም ወደ ሜዳው እየተጠጋ ነው። ማደጓ መልካም ነው። ሆኖም ይህ ሜዳ በክረምት የሚወርደውን ጎርፍ ተቀብሎ ያሳርፋል፣ ደለሉን ያጣራል፣ ከብቱን ያሰማራል፣ በበጋም እንግዳ ያስተናግዳል። ይህን ሁሉ አገልግሎት በአፈር ሞልተን ካጠፋነው በኋላ ለጎርፉ ብቻ ትልቅ የኮንክሪት ቦይ መሥራት ግድ ይሆንብናል፤ ሌላውን ግን በኮንክሪት ልንተካው አንችልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የማቀርበው ሐሳብ አራት ነው። አንደኛ፣ ረግረግና ወቅታዊ ውኃ ባለበት ቦታ የሚደረግ ጥናት በአንድ የበጋ ጉብኝት እንዳይወሰን፣ ይልቁንም አንዱ በመስከረም ወይም በጥቅምት፣ ሌላው በጥር እንዲሆን በየመሥሪያ ቤታችን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ በውኃ ዳር፣ በቄራና በቆሻሻ መጣያ አጠገብ የሚያልፉ የማከፋፈያ መስመሮች ከመተከላቸው በፊት የተንጠለጠለ ኢንሱሌተርና የተሸፈነ ማያያዣ በዝርዝሩ ውስጥ ይግባላቸው። ምሰሶው ሳይተከል ይህ ወጪ ትንሽ ነው፤ ከተተከለ በኋላ ግን መስመር ማጥፋትና ሠራተኛ ማውጣት ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ የከተማ ጎርፍ መውረጃ ስንነድፍ ያለውን ሜዳ እንደ ውኃ ማሳረፊያ ቆጥረን በስሌታችን ውስጥ እናስገባው፤ ያን ጊዜ ዋጋው በቁጥር ይታያል፣ በቁጥር የታየም ነገር በቀላሉ አይሰረዝም።

አራተኛውና የመጨረሻው ከሁሉ የሚቀለው ነው። በዓለም ዙሪያ በያመቱ በጥር ወር የውኃ ወፎች ይቆጠራሉ፤ ይህ ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ሳይቋረጥ የቆየ ነው። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ ዘርፍ ረጅም ልምድ አለው። ማኅበራችን በሚመጣው ጥር አንድ ቅዳሜን መርጦ፣ አባላቱ ከነቤተሰባቸው ከዕውቀቱ ባለቤቶች ጋር በጨለለቃ ዳር እንዲውሉ ቢያደርግ፣ ያን ቀን የሚመዘገበው ቁጥር ለሳይንሱ ይጠቅማል። ለእኛ ደግሞ ከዚያ በላይ ይጠቅማል። አንድ ጧት ከልጁ ጋር ቆሞ በዚያ ውኃ ላይ አራት መቶ ክሬን የቆጠረ መሐንዲስ፣ በማግስቱ ያን ቦታ በካርታው ላይ ባዶ ብሎ ሊያልፈው እጁ አይታዘዝለትም።